የመንዙማ ፋይሎቼን ከጎግል ድራይቭ እንዴት ላውጣ?

የደሴው፦ ሰላም ለቤቱ! ከሐይቅ አካባቢ አባቶች የሰበሰብኳቸው የመንዙማ ጽሑፎችና የአጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገራችን ቋንቋ) ፎቶዎች ድራይቭ ላይ ናቸው። ወደ ሌላ አካውንት ላዛውራቸው ነው። አንድ በአንድ ማውረዱ ሰለቸኝ። የሰፈራችንን ኔት ደግሞ ታውቁታላችሁ። እስቲ መላ በሉኝ።

ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ጎግል ቴክአውት (ጎግል ላይ ያለህን ፋይል በአንዴ ማውጫው) ግባና ድራይቭን ብቻ ምረጥ። ፋይሎችህ ታሽገው በዚፕ ስለሚመጡ፣ የእያንዳንዱን ዚፕ መጠን 1 ጊጋ አድርገው። መብራት ድርግም ቢል አንዷን ቁራጭ ብቻ ነው የምትደግመው። የማውረጃው ሊንክ በ7 ቀን ገደማ ስለሚዘጋ አታሳድረው።

የወልድያዋ፦ ዚፑን እንዳለ ወደ አዲሱ አካውንት አትጫነው፤ መጀመሪያ ኮምፒውተርህ ላይ ፍታው። የጎግል ዶክ ጽሑፎችህ ወርድ ሆነው ይወጣሉ። ብቻ በድሮው ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈ ካለ ወደ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ወደሚያነበው የፊደል አሠራር) ቀይረው። አለዚያ መንዙማው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆንብሃል!

የደሴው፦ አላህ ይስጣችሁ። የአጀሚውን ፎቶ ፒዲኤፍ ላድርገው?

የወልድያዋ፦ ዋናውን አትንካ። ፒዲኤፉን ለማንበቢያ ለብቻው ሥራው።