«ሰው ያላደረገውን አያምንም» ላሉት ሻምበል

ሸዋዬ፦
ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ልጅ የኮሪያውን የህዋሶንግ ታሪክ አጋራ። ዩን የሚባል ሰውዬ በግድያ ተፈርዶበት ወደ 20 ዓመት ታስሮ ወጣ። ፍርድ ቤቱ «ንጹህ ነህ» ያለው 2020 ላይ ነው (ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ ከአሁኑ እንዳትጨቃጨቁ)። ሻምበል ምን ብለው መለሱ? «ሰው ያላደረገውን አያምንም። አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም።» በቃ፣ ይቺን ጽፈው ወደ መኝታቸው። ሰባት ሰው ላይክ አድርጓታል። ገዳዩ ራሱ «እኔ ነኝ» ካለ በኋላ የቀረችው «አንድ ነገር» ምንድን ናት?

ሻምበል፦
ልጄ ሸዋዬ፣ ቃሌን ቆርጠሽ አትያዢው። 28 ዓመት ምርመራ ላይ ሠርቻለሁ። የሚዋሸውንም የሚያምነውንም ለይቼ አውቃለሁ። ስርቆት ከሆነ እሺ፣ ሰው ሲጨንቀው ያምናል። የ13 ዓመት ልጅ ገደልኩ ብሎ የሚፈርም ንጹህ ሰው ግን የለም። እኔን ብትገድሉኝ አልፈርምም።

ማኪያቶ፦
«ብትገድሉኝ» ብለው ጀመሩልን። መርማሪዎቹም የጀመሩት ከዚያው ነው።

የአንሳን ልጅ፦
እዚህ ኮሪያ ስምንት ዓመቴ ነው። አንሳን፣ ፋብሪካ። ህዋሶንግ ጎረቤታችን ናት። ዛሬ ሁሉም አፓርታማና ፋብሪካ ሆኗል፣ ያኔ የሩዝ ማሳ ነበር። ከ1986 እስከ 1991 ሴቶች እየተገደሉ ተገኙ። የፖሊስ ስምሪቱ በድምር ሲቆጠር ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው ይላሉ። የተያዘ ሰው ግን የለም። ሕዝቡ ፈርቷል፣ አለቆች ይጮሃሉ። እንግዲህ ሴፕቴምበር 1988 ላይ ያቺ የ13 ዓመት ልጅ ቤቷ ውስጥ ተገድላ ስትገኝ የግድ አንድ ሰው መያዝ ነበረበት።

በዓመቱ ዩንን ያዙ። 22 ዓመቱ ነው። የእርሻ መሣሪያ ጥገና ቤት ይሠራል። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ያነክሳል። ሦስት ቀን እንቅልፍ ከለከሉት። በዚያ እግሩ ቁጭ ብድግ አሠሩት። ከዚያ «አመነ»። አመነ የተባለው ቃል ምን ይላል መሰላችሁ? አጥር ዘልሎ ገባ ይላል።

ሸዋዬ፦
ሻምበል፣ ሌላውን ሁሉ ተዉትና አጥሩን ይንገሩኝ። በየትኛው እግሩ ዘለለ?

ሻምበል፦
ሰው ሲብስበት የማይዘለውን ይዘላል። ደግሞ ያነበብኩ አይምሰላችሁ እንጂ እኔም አንብቤያለሁ። ይሄ ሰው መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛ ፊትም አምኗል። የካደው ይግባኝ ላይ ነው። ዳኛ ፊት ማን መታው? መልሱልኝ እስቲ።

ማኪያቶ፦
አሁን ገና ጥያቄ መጣ።

ጠበቃ ነኝ፦
ጥያቄውስ ጥያቄ ነው። ግን ሻምበልን አይጠቅምም። የእምነት ክህደት ቃል የሚሰጠው ዳኛ ፊት ነው፣ ልክ ነው። ዳኛ ፊት ያመጣው ማን ነው? መልሶ የሚወስደውስ? ያኔ ኮሪያ ሰው ትሰቅል ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የሰቀሉት ዲሴምበር 1997 ነው፣ በአንድ ቀን 23 ሰው። ትምህርት ያልዘለቀው ድሃ ልጅ በ1989 ዳኛ ፊት ቆሞ «ብክድ ገመድ፣ ባምን ምናልባት ነፍሴ ትተርፍ» ብሎ ቢያስብ እብድ ነው? ዕድሜ ልክ ፈረዱበት። ነፍሱ ተረፈች። እንደ ሒሳቡ ትክክል ነበር።

ሌላም ልጨምር። የኮሪያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 በእምነት ቃል ብቻ ሰው አይቀጣም ይላል። በግድ የወጣ ቃል ማስረጃ አይሆንም የሚል ወረቀት እኛም ጋ አለ፣ የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 19 ያነበበ ያውቃል። ስለዚህ ቃሉን የሚደግፍ ነገር መፈለግ ነበረባቸው። ፈለጉ፣ ፀጉር አገኙ። ልጅቷ ክፍል የተገኘ ፀጉር በኒውክሌር ዘዴ ተመርምሮ «የእሱ ነው» ተባለ። ማን ይከራከራል? ሳይንስ ነዋ! ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ ያንን ውጤት ወረወረው።

ማኪያቶ፦
ሌባሻይ በላብራቶሪ።

ሸዋዬ፦
ሌባሻይ ይሻላል። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ ዞሮ ዞሮ የወደቀበትን ቤት ሰው ያስይዛል እንጂ ነጭ ጋወን ለብሶ ሪፖርት አይጽፍም።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ምነው ኮሪያ ላይ ዘመታችሁ? አያቴ የደማላት ሀገር ናት። ስህተት የሌለበት ሀገር ካለ ንገሩኝ። እነሱ ቢያንስ ጉዳያቸውን እንደገና አይተው፣ ዳኛው በፍርድ ቤቱ ስም ይቅርታ ጠይቆ፣ ካሳ ከፍለው አስተካከሉ። 2.5 ቢሊዮን ዎን ገደማ ነው የከፈሉት። ዘግይቶም ቢሆን ፍትህ ፍትህ ነው።

ማኪያቶ፦
በብር ስንት ይመጣል?

ሸዋዬ፦
አንተ ደግሞ!

ማኪያቶ፦
ጠየቅኩ እንጂ ልታሰር ነው እንዴ?

የአንሳን ልጅ፦
የቃኘው ወንድሜ፣ አያትህን አክብሬ ነው የምናገረው። ያ ይቅርታ ከየት መጣ? ፖሊስ አልፈለገውም፣ ፍርድ ቤትም አልፈለገውም። እውነተኛው ገዳይ ሊ ቹን-ጄ የሚስቱን እህት 1994 ላይ ገድሎ ዕድሜ ልኩን ታስሯል። 2019 ላይ ዲኤንኤው ከድሮዎቹ ግድያዎች ጋር ሲገጥም ዘረገፈው። 14 ሰው። መሃል ላይ «8ኛዋም የኔ ናት» አለ፣ ያቺን የ13 ዓመት ልጅ ማለቱ ነው። ለዚያ ግድያ እኮ ሰው ተቀጥቶበት ፋይሉ ተዘግቷል፣ ማንም አልጠየቀውም። እሱ አፉን ባይከፍት ዩን ዛሬም «ያ ልጅ ገዳዩ» ነው።

ደግሞ ሊን ያኔም ደጋግመው ጠርተው ጠይቀውታል። ለቀቁት። የገዳዩ ደም ቢ ነው ብለው አምነው ነበር፣ የሱ ደግሞ ኦ ነው።

ሸዋዬ፦
ይኸው! ፖሊሶቹ ማንም ሳይመታቸው ያላዩትን አመኑ። ሻምበል፣ «ሰው አያምንም» ያሉት ለማን ነው?

ሻምበል፦
ቃላት አትጫወቺብኝ።

ሸዋዬ፦
እርስዎ ነዎት የጀመሩት። «አመነ» ይላሉ። አላመነም፣ አሳመኑት። ልዩነቱን 28 ዓመት የሠራ ሰው ያጣዋል?

ሻምበል፦
አንድ የተበላሸ ጉዳይ ይዛችሁ መርማሪን ሁሉ ገራፊ አደረጋችሁት። ሌሊት ተነስቶ ሬሳ የሚያነሳው ማን ነው? የልጅቷ እናት ስትጮህ በሩ ላይ የሚቆመው ማን ነው? እናንተ ስልክ ላይ ናችሁ።

ጠበቃ ነኝ፦
አንድ ከሆነ ደግ ነበር። ኢክሳን የሚባል የኮሪያ ከተማ የሆነውን ልንገርዎት፣ ሻምበል። ይሄ ለእርስዎ ዓረፍተ ነገር ተብሎ የተፈጠረ ነው።

ኦገስት 2000። ባለታክሲ ተወግቶ ሞተ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ በሞተር ቡና ሲያደርስ እዚያ ነበር። ሰው ሲሮጥ አየሁ ብሎ ለፖሊስ ተናገረ። ምስክር ነው እንግዲህ! ምስክሩን አልጋ ቤት አስገብተው ደበደቡት፣ አመነ። 10 ዓመት ፈረዱበት። ልብሱ ላይ ደም የለም፣ ቢላው ላይም የለም። በ2003 ሌላ ሰው ተያዘና «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ለቀቁት።

አሁን ይቁጠሩልኝ። በአንድ ሬሳ ሁለት ሰው አምኗል። ያላደረገውን የማያምነው የትኛው ነው?

ሻምበል፦
ሁለተኛውን ከለቀቁት ቃሉ አልገጠመም ማለት ነዋ። ጓደኛውን ሊያድን፣ ወይ ሊታይ ብሎ የሚያወራም አለ። ብዙ አይቻለሁ።

ጠበቃ ነኝ፦
ጎሽ! «ያላደረገውን የሚያወራ ብዙ አይቻለሁ» አሉ። ስክሪንሹት አድርጌያለሁ። ለነገሩ ያ ሰውዬ በኋላ 15 ዓመት ተፈርዶበት 2018 ላይ ጸንቶበታል። ቃሉ ገጥሟል።

ማኪያቶ፦
ሻምበል ራሳቸው አመኑ። ማንም አልመታቸውም፣ እማኝ ነን።

የአንሳን ልጅ፦
የኢክሳኑ ልጅ ከእስር ሲወጣ ምን ጠበቀው መሰላችሁ? የዕዳ ወረቀት። የሠራተኞች መድን የሚከፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለባለታክሲው ቤተሰብ የሰጠሁትን 40 ሚሊዮን ዎን መልስ አለው። ከነወለዱ 140 ሚሊዮን ደረሰ። ልጁ 15 ዓመቱ ገባ፣ 25 ሆኖ ወጣ፣ ሥራ የለውም። ፓርክ ጁን-ያንግ የሚባለው ጠበቃ የያዘው ጉዳይ የተንቀሳቀሰው በዚያ ዕዳ ሰበብ ነው። ዕዳው ባይመጣ ኖሮ ገዳይ እንደተባለ ይቀር ነበር። በ2016 ነጻ ተባለ።

ይርጋውም (የክሱ ጊዜ ገደብ ማለቴ ነው) ለትንሽ ነው የተረፈው። ኦገስት 2015 ላይ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት «ግድያ ይርጋ የለውም» የሚል ሕግ ወጣ። ባይወጣ እውነተኛው ገዳይ እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄድ ነበር። የህዋሶንጉ ሊ እንደዚያ ነው የሄደው። ይርጋው 2006 ላይ ስላለቀ ለእነዚያ ሴቶች አንድ ቀን አልተፈረደበትም። ዩንን ያሠቃዩት መርማሪዎችም ይርጋ አልፏቸዋል። ይርጋ ያላለፈለት የታሰረው ብቻ ነው።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ኮሪያ ፋይሉን ባትከፍት ይሄን ሁሉ ከየት ታውቀው ነበር? እዚያ ሀገር እየበላህ...

የአንሳን ልጅ፦
እየሠራሁ ነው የምበላው። ዛሬም የማታ ፈረቃ ነኝ።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ቃኘው አንድ ምርኮኛ አላስያዘም። ለዚያች ሀገር የተከፈለውን የማያውቅ ሰው ስለ ፍትህ አያስተምረኝም።

ማኪያቶ፦
አልተማረኩማ። የምርመራ ክፍል ውስጡ ምን እንደሚመስል አላዩም።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
አያቴን አትንካ። ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርህ።

ሸዋዬ፦
አያትህን ማን ነካ? ይልቅ «ዘግይቶም ቢሆን» ያልከውን አልለቅህም። ኤፕሪል 1975 ስምንት ሰው በሐሰት ክስ ሞት ተፈረደባቸው። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ካጸናው 18 ሰዓት ገደማ በኋላ ተሰቀሉ። በ2007 ነጻ ተባሉ። ዘግይቶም ቢሆን፣ አይደል? እስቲ ለየትኛው ይነገረው?

አንዲት ልጅ ደግሞ በ18 ዓመቷ፣ በ1964፣ ሊደፍራት የመጣውን ሰውዬ ምላሱን ነክሳ አመለጠች። እሷ ተፈረደባት፣ ከሱም የከበደ። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ነጻ ተባለች። ወደ 80 እየተጠጋች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው።

ሻምበል፦
የ1975ቱ ፖለቲካ ነው። እሱን ከወንጀል ምርመራ ጋር አትቀላቅይው።

የአንሳን ልጅ፦
እሺ፣ ፖለቲካ የሌለበት እንካችሁ። ቡሳን፣ ናክዶንግ ወንዝ ዳር፣ ጃንዋሪ 1990፣ አንዲት ሴት ተገደለች። በ1991 ሁለት ሰዎች ተያዙ። አንዱ ዓይኑ በቅጡ አያይም። ፊታቸው ላይ ውሃ እያፈሰሱ አሳመኗቸው። ይግባኝ ላይ የቆመላቸው ጠበቃ ማን ነበር? ሙን ጄ-ኢን። አዎ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው። እሱም አላዳናቸውም። 21 ዓመት ታሰሩ። 2021 ላይ ነጻ ሲባሉ ሰውዬው ፕሬዚዳንት ነበር።

ጠበቃ ነኝ፦
ሳምንዬ የሚባል ቦታ የሆነውንም ጨምር። 1999፣ ሱቅ ተዘርፎ አሮጊት ሞቱ፣ ሦስት ልጆች ታሰሩ። ቦታው ላይ «እንዴት እንዳደረጋችሁ አሳዩ» ሲባሉ በቪዲዮ የቀረጻቸው የሟች ቤተሰብ ነው። ቪዲዮው ላይ ፖሊሱ እንዲህ አድርግ እያለ ሲመራቸው ይታያል። አሳዩ የተባሉት የማያውቁትን ነው። ቪዲዮውን አውጥቶ ለታሳሪዎቹ የቆመውም ያው ቤተሰብ ነው። ሻምበል፣ የልጅቷ እናት ስትጮህ በሩ ላይ የሚቆመው ማን ነው ብለዋል። የሟች ቤተሰብ በየትኛው በር እንደቆመ ይዩ።

ሻምበል፦
ቪዲዮውን አላየሁም። ሳላይ አልናገርም።

ሸዋዬ፦
ዩንንም አላዩትም እኮ፣ ተናገሩ።

ማኪያቶ፦
ኦኦኦ።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
እናንተ ሰውን ማዋረድ ነው የያዛችሁት። ሻምበል አባታችን ናቸው።

ሸዋዬ፦
አላዋረድኳቸውም። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በአክብሮት። ሻምበል፣ በ28 ዓመት ውስጥ ስንት ሰው አመነልዎት?

ሻምበል፦
ብዙ ነው። ማን ይቆጥረዋል።

ሸዋዬ፦
ፍርድ ቤት ሄዶ የካደውስ?

ሻምበል፦
ልጄ፣ ወሬው ስለ ኮሪያ መስሎኝ።

ጠበቃ ነኝ፦
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እዚያ አሁን ከ2022 ጀምሮ ዓቃቤ ሕግ የተቀበለውን ቃል ተከሳሹ ችሎት ላይ ከካደው ማስረጃ አይሆንም። ሻምበል ይሄን ይደግፋሉ ወይ?

ሻምበል፦
አልደግፍም። ሌባ ሁሉ ይክዳላ! ለመልሱ ጊዜ ስጡኝ፣ ጣቴ ደከመ። ነገ ጠዋት በድምፅ እልካለሁ።

ማኪያቶ፦
ድምፅ ይቅርብን ሻምበል፣ ያለፈው 14 ደቂቃ ነበር። የዎኑን ጥያቄም ማንም አልመለሰልኝም።

የአንሳን ልጅ፦
ፈረቃ ገባሁ። ስልክ መቆለፊያ ውስጥ ነው። ነገ አየዋለሁ።