ጥቆማ፦ ጅማ ላይ የቤት ኤሌክትሪክ የት እንማር? ምንስ እንግዛ?

"መብራት እየቆጠረብኝ ነው፣ ብሬከሩም በየጊዜው ይወርዳል፣ ምን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔ የምለው አንድ ነው፦ ስቴብላይዘርና ጌጠኛ አምፖል ይቆይ። መጀመሪያ ገመድና ብሬከር። ከዚያም በፊት ትንሽ እውቀት።

ዩቲዩብ ነፃ ነው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሞልቷል። ችግሩ አስተማሪው የእናንተን ቤት አላየም። ጊዜ ያለው ሰው ጅማ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄዶ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ይጠይቅ። ለብዙዎቻችን ግን የሚሻለው የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ነው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ያለውን ምረጡ። ሥራውን ሲጨርስ ትንሽ ጨምሩለትና የብሬከር ሳጥኑን አስከፍታችሁ "ይሄ የየትኛው ክፍል ነው?" በሉት። የነገራችሁን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ እዚያው ለጥፉ።

የምትይዙት ሒሳብ ቀላል ነው። ዋቱን ለ220 ቮልት ስታካፍሉ አምፔሩ ይመጣል። 3,500 ዋት ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይጎትታል። 10 አምፔር የተጻፈበት ዲቫይደር ደግሞ ከ2,200 ዋት በላይ አይችልም። እንግዲህ ምጣዱን ዲቫይደር ላይ ሰክቶ "ምን ይሸተኛል?" ማለት ምን ይባላል? ምጣድ የራሱ መስመር ይፈልጋል፦ ባለ 4 ገመድ (ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው)፣ ለብቻው ብሬከር። ለመብራት ባለ 1.5 ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ከ16 አምፔር ጋር የተለመደ ነው። ብሬከሩ ሲወርድ "32 እናድርገው" የሚል ባለሙያ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩ ካደገ ግድግዳው ውስጥ የሚነደው ገመዱ ነው።

ግዢ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ይሻላል፤ ሱቆቹ ስለሚቀራረቡ ማወዳደር ይቻላል። ሐሙስን ተዉት፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ሻጩ ለማስረዳት ፋታ የለውም። ገመድ ስትገዙ ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ጫፉን አስልጡና ሽቦውን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። መልሱለት።

የጅማ ዝናብና እርጥበት እንደሚታወቀው ነው። ስለዚህ ለኧርዝ አትሰስቱ። ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ማለት ነው። ባለሙያው "ባይኖርም ይሠራል" ይላችኋል፤ እውነቱን ነው፣ ይሠራል። የምጣዱ ብረት ኤሌክትሪክ የያዘ ቀን ነው ጉዱ የሚታየው። አቅም ካለ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ የሚቆርጠውን) ጨምሩበት፣ በተለይ ለማድ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት። "ቴስት" የምትለዋን ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ። ካልወረደ ተበላሽቷል።

ቁጠባውስ? 60 ዋቱን አምፖል አውጥታችሁ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አስገቡ። ደግ ነው። ግን ያ 60 ዋት አምፖል በየማታው 5 ሰዓት እየበራ በወር የሚበላው 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በሁለት ጋገራ የአምፖሉን ወር ጨረሰው ማለት ነው። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ከመጋገር የሳምንቱን ባንድ ጊዜ ጋግሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍታችሁ በግለቱ ማውጣት ትችላላችሁ።

ስቴብላይዘር ለፍሪጅ ብቻ ቢሆን ይበቃል። መብራት እንደመጣ ወዲያው ሳይሆን ደቂቃዎች ቆይቶ የሚያስገባውን ዓይነት ጠይቁ።

ከቆጣሪው ወደ ፖሉ ያለውን ግን እናንተም ባለሙያችሁም አትንኩት። እሱ የመብራት ኃይል ነው፤ 905 ደውሉ።