ሺራላና 21ዱ ኮብራዎች፦ «እባቡ ምንም አይሆንም» ተባለ እኮ!

ጫካው፦ ይሄን ዜና አያችሁት? ሕንድ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ ሺራላ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ለናግ ፓንቻሚ፣ ማለትም ሂንዱዎች እባብን ለሚያከብሩበት በዓል፣ ኮብራ ከነነፍሱ ይዞ ማምለክ በፍርድ ቤት ታግዶባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መንግሥት 21 ኮብራ ያዙ ብሎ ፈቀደ። ለምን? «ለትምህርት»! ወይ ትምህርት!

አባ ሙግት፦ ጀመረህ ደግሞ። ሰዎቹ እባብ አይገድሉም፣ ጥርሱን አይነቅሉም። በዓሉ ሲያልፍ ይለቁታል። እባቡ ምንም አይሆንም።

ጫካው፦ «ምንም አይሆንም» አልክ? ከጉድጓዱ ተጎትቶ፣ ማሰሮ ውስጥ ታሽጎ፣ እርድና ቀይ ዱቄት እየተበተነበት፣ በከበሮ መሃል... ምንም!

ቅመም፦ ከበሮውን እንኳ ተወው፣ እባብ ጆሮ የለውም 😂

ጫካው፦ የውጭ ጆሮ የለውም እንጂ ንዝረቱ ይሰማዋል። ሳታውቂ አትግቢ።

ቅመም፦ እሺ ፕሮፌሰር።

የዱባዩ፦ እዚህ አብሮኝ የሚሠራ የማሃራሽትራ ልጅ አለ። እነሱ ዘንድ በናግ ፓንቻሚ ቀን መሬት አይታረስም፣ አይቆፈርም። እባብ እንዳይጎዳ ብለው ነው። አይጥ የሚበላልን እሱ ነው ይላል። እናንተ ግን ሰውን ጨካኝ አድርጋችሁ ሳላችሁት።

ጫካው፦ ጥሩ። በበዓሉ ቀን አይቆፈርም። ከበዓሉ በፊት ኮብራውን ለማውጣት ጉድጓዱን የሚቆፍረው ማነው ታዲያ? እሱም «ምንም» ነው?

አባ ሙግት፦ አንዷን ቃል ይዘህ ሙጭጭ አልክ። እምነት ነው፣ ወንድሜ! ጎራክናት የሚባለው ባሕታዊ ለምኖ ሲዞር አንዲት ሴት ዘገየችበት። የሸክላ እባብ እያመለከች ነበር። እሱም እባቡን ሕያው አደረገላት ይባላል። ሺራላ ከዚያ ጀምሮ ነው የምታከብረው።

ቅመም፦ በሸክላ ከተጀመረማ በሸክላ ይቀጥላ! ከእገዳው በኋላ እኮ በሸክላና በሥዕል ሲያከብሩ ነበር። ማን ሞተ?

አባ ሙግት፦ ተጎዱ እንጂ። ያንን በዓል ለማየት ከሩቅ ይመጣ የነበረው ሕዝብ ቀረ። ሻይ ሻጩን ጠይቂው።

ጫካው፦ አሃ! ከእምነት ወደ ሻይ ገበያ ወረድን።

አባ ሙግት፦ ሻይ ሻጭ እምነት የለውም ያለህ ማነው?

የዱባዩ፦ ፈቃዱ ለመዝናኛም ለንግድም አይሁን ነው የሚለው። አንብባችሁታል ግን?

ጫካው፦ ከዚያስ ማን ይቆጣጠራል? ሺህ ሕዝብ መሃል ቆሞ አንድ የደን ጠባቂ?

አባ ሙግት፦ አንተ ሂድና ጠብቃ። ምንም አትሆንም 😏