ጉም ባደረ ቁጥር ሞተሪኖው ይደክማል፦ የኔጋቲቭ ገመዱን በምን ልቀይረው?

ሰላም፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ቦታው አንቶፋጋስታ፣ ቺሊ ነው። የሥራ ፒክአፑ ከባሕር ዳር ተነሥቶ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ የመዳብ ማውጫ በየፈረቃው ይመላለሳል። ካማንቻካ የሚሉት ጉም ባደረበት ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ይዝላል።

ባትሪው አዲስ ነው፤ ሳይነካ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሲቀሰቀስ ግን በኔጋቲቭ ገመዱ ሁለት ጫፎች መካከል 0.9 ቮልት ይለካል፤ ከ0.2 ማለፍ አልነበረበትም። ጫፉን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥቦ፣ ቻሲው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፍቆ ማሰር ወደ 0.4 ያወርደዋል። በ2 ሳምንት ተመልሶ ያው ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ መዳቡ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ጠቁሯል፤ ጨዋማው እርጥበት በሽቦዎቹ መካከል እየተሳበ ገብቷል ማለት ነው።

ከፍታውንም እጠረጥራለሁ። ላይ የአየር ግፊቱ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ የታሸጉ ሶኬቶች ሲወጡ አየር ይተፋሉ፣ ሲወርዱ የባሕሩን እርጥበት ይስባሉ። የፊት መብራቱም ውስጡን ያልበዋል።

ገመዱን ስታኞ በተቀባ የመዳብ ሽቦ፣ 35 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ ልቀይረው ነው። ጫፉን በፕሬስ መጨፍለቅና ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን ማልበስ ይበቃል? ግራሶው ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከሁሉ በላይ ግን፣ ሶኬቶቹን ይበልጥ ማሸግ ነው የሚሻለው ወይስ ከታች መተንፈሻ መተው?