ሞተሩ አካል ላይ ኮረንቲ እያለ ብሬከሩ ለምን አልቆረጠም?

ጥያቄ፦ «የፓምፕ ቤት»

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የስራ ባልደረባዬን የፓምፕ ሞተር ኮረንቲ ያዘው። ፈጣሪ ይመስገን ተርፏል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሞተሩ ሶስት ፌዝ፣ 400 ቮልት፣ 37 ኪሎዋት ነው። ከፓኔሉ 80 ሜትር ይርቃል። ብሬከሩ 100 አምፒር ነው። ስንከፍተው በተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ የአንዱ ፌዝ ሽቦ ላስቲክ ተልጦ ብረቱን ነክቷል። ያስደነገጠኝ ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖም መስራቱ ነው። ብሬከሩ ትሪፕ አላደረገም።

ግራውንድ የለውም እንዳልል፣ አለው። ከሞተሩ አጠገብ ለብቻው የተቀበረ ሮድ፣ ማለትም የብረት ዘንግ፣ አለ። ለካሁት፤ 9 ኦም ነው። የትራንስፎርመሩ ኒውትራል ግራውንድ ደግሞ 1 ኦም ነው። ፓኔሉ ላይ ወደ መሬት የሚያመልጥ ኮረንቲን አይቶ የሚያስቆርጥ፣ 10 አምፒር ላይ የተሞላ (የተስተካከለ) የኧርዝ ፎልት ሪሌም ነበር። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር እየቆረጠ ሲያስቸግር፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የሲቲዎቹን (የመስመሩን አምፒር አሳንሰው ለሪሌው የሚያሳዩትን ትንንሽ ትራንስፎርመሮች) ሽቦ ከሪሌው ፈቶ በቴፕ ጠቅልሎ ትቶታል። አሁን ሁለት ሮድ ልጨምር አስቤያለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ «ቆፋሪው»

ሮዱ ዙሪያ ጨውና ከሰል ጨምርበት። ኦሙ ይወርድልሃል።

መልስ፦ «ሰላሳ ዓመት ፓኔል ላይ»

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ ያቺን ቴፕ አስብ። ጭነት እያለ የሲቲ ሰከንደሪ (ወደ ሪሌው የሚሄደው ጫፍ) ክፍት መሆን የለበትም። አምፒሩ መሄጃ ሲያጣ ቮልቴጁ ወደ መቶዎች፣ አንዳንዴም ወደ ሺዎች ይወጣል። ሰው ይገድላል፣ ሲቲውንም ያቃጥላል። ሞተሩ እየሰራ እንዳትነካው። መስመሩን አጥፋ፣ ቁልፍ አድርግበት፣ ኮረንቲ እንደሌለ በመለኪያ አረጋግጥ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሲቲ ሁለት ጫፍ ሾርት አድርግና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግራውንድ አስይዘው። ሁለት ቦታ ካስያዝከው በመሬት በኩል የሚዞር ኮረንቲ ሪሌውን ያሳስተዋል።

ባልደረባህንም ሐኪም ይየው። ደህና ነኝ ቢል እንኳ የልብ ምቱ በመሳሪያ ይታይ።

መልስ፦ «ሶስት ፌዝ»

ብሬከሩ ያልቆረጠበት ምክንያት በሂሳብ ይታያል። በፌዝና በመሬት መካከል 230 ቮልት አለ። ኮረንቲው ከሞተሩ አካል በሮዱ ወደ አፈር ገብቶ፣ በአፈሩ አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ኒውትራል ይመለሳል። መንገዱ 9 ሲደመር 1፣ 10 ኦም ነው። 230 ለ10 ሲካፈል 23 አምፒር። 100 አምፒር ብሬከር 23 አምፒርን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ሞተሩ 50 አምፒር ይስብ ነበር ብንል፣ በዚያ ፌዝ ላይ ድምሩ 70 አካባቢ ነው። ሞተሩን ከመጠን በላይ ጭነት የሚጠብቀው ኦቨርሎድ በሞተሩ ሙሉ ጭነት፣ 68 አምፒር አካባቢ ላይ ተሞልቶ ቢሆን እንኳ ዝም ሊል ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው አካሉ ላይ የቀረው ቮልቴጅ ነው። 23 ሲባዛ በ9፣ 207 ቮልት። ባልደረባህ የነካው ይህንን ነው። የሰውን አካል 1000 ኦም ብንወስድ፣ በባዶ እግር ለቆመ ሰው 200 ሚሊአምፒር ያህል ማለት ነው። ከ30 ሚሊአምፒር በላይ ከቆየ ልብን ሊያናውጥ ይችላል።

ሁለት ሮድ ጨምረህ 9ኙን ወደ 4 ብታወርደው 46 አምፒር ይሆናል። ብሬከሩ አሁንም አይቆርጥም። አካሉ ላይም 184 ቮልት ይቀራል። ሮድ ብሬከር አያስቆርጥም። የሚያስቆርጠው ከሞተሩ አካል እስከ ትራንስፎርመሩ ኒውትራል ድረስ የሚመለስ መዳብ ነው። ስለዚህ ልጠይቅህ፤ ከፌዞቹ ጋር አብሮ የሚሄድ አረንጓዴ-ቢጫ የግራውንድ ሽቦ አለ? የፓኔሉ የግራውንድ ባርስ (ግራውንድ ሽቦዎች የሚታሰሩበት መዳብ) ከኒውትራሉ ጋር ተገናኝቷል?

«ቆፋሪው» ላለው፣ ጨው ኦሙን ለጊዜው ያወርዳል፤ ግን በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፣ ሮዱንም ይበላዋል። እዚህ ቦታ ግን በትክክል ቢሰራ እንኳ ችግሩን አይነካውም።

«የፓምፕ ቤት»

አመሰግናለሁ። መስመሩን አጥፍቼ ሲቲዎቹን ሾርት አደረግኩ። ባርሱ ከኒውትራሉ ጋር ተያይዟል። ኬብሉ ግን ሶስት ኮር ብቻ ነው፣ ባለ 25 ካሬ ሚሊሜትር። የብረት ልባሱም ሞተሩ በኩል የትም አልታሰረም። አረንጓዴ-ቢጫ የለም።

መልስ፦ «ሶስት ፌዝ»

ነገሩ እዚያ ነው። ለ25 ካሬ ፌዝ ቢያንስ 16 ካሬ መዳብ ከኬብሉ ጋር አስጠግተህ ጎትት። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ አካል፣ ሌላውን ከፓኔሉ ባርስ ጋር እሰር። የኬብሉን ብረት ልባስም በግላንዱ (ኬብሉ ወደ ሳጥኑ በሚገባበት ማሰሪያ) አድርገህ በሁለቱም በኩል እሰረው። የድሮውን ሮድ አታውጣው፣ ከአዲሱ ሽቦ ጋር አያይዘው። ሲያልቅ የሉፕ ኢምፒዳንሱን፣ ማለትም የጥፋቱ ኮረንቲ ሄዶ የሚመለስበትን መንገድ ሙሉ ኦም፣ ለካ።

መልስ፦ «ሪሌ ፈታሽ»

ስለ ሪሌው የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። 10 አምፒር ላይ የተሞላ ሪሌ ያንን 23 አምፒር አይቶ ይቆርጥ ነበር። ባልደረባህን ሊያድነው ይችል የነበረው ብቸኛው እቃ አፉ በቴፕ ታሽጎ ነበር።

ለምን ያስቸግር ነበር? ሶስት ሲቲዎች ተደምረው ሪሌው ውስጥ ሲገቡ፣ ድምራቸው ዜሮ መሆን አለበት። ሞተር ሲነሳ ግን ከስድስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ያኔ አንዱ ሲቲ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠግባል፤ የሚያልፈውን አምፒር በትክክል ማሳየት ያቅተዋል። ድምሩ ይዛባና ሪሌው የሌለ የመሬት ጥፋት ያያል። መፍትሄው ሪሌውን መፍታት አይደለም። ሶስቱንም ፌዝ በአንድ ላይ የሚያቅፍ ቀለበት ሲቲ ግጠም። በአንዱ ቀለበት ውስጥ የሶስቱ ማግኔት እርስ በርሱ ስለሚጣፋ፣ 1 አምፒር ላይ ሞልተኸውም በሞተር መነሳት አይሳሳትም።

አረንጓዴ-ቢጫው ሽቦ ግን በቀለበቱ ውስጥ እንዳያልፍ። ካለፈ፣ የጥፋቱ ኮረንቲ በፌዙ ሄዶ በዚያው ቀለበት ይመለሳል፤ ሪሌው ምንም አያይም። የኬብሉ ብረት ልባስ በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ ደግሞ፣ የልባሱን ግራውንድ ሽቦ በቀለበቱ መልሰህ አሳልፈህ እሰረው። ይህን ስህተት እኔ ራሴ ሰርቻለሁ። ሪሌው ላይ ያለውን የቴስት ቁልፍ ተጫንኩ፣ ቆረጠ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ያ ቁልፍ የሚፈትሸው ሪሌውን እንጂ የሽቦውን መንገድ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሽቦ በቀለበቱ አሳልፈህ የታወቀ አምፒር ላክበትና ሲቆርጥ በዓይንህ እይ።

ሪሌው የሚያዘው ማንን ነው? ኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያስነሳና የሚያቆም ማብሪያ) ከሆነ ትዕዛዙን ቀይረው። ኮንታክተር ትልቅ የሾርት ኮረንቲ ለመቁረጥ አልተሰራም፤ ጫፎቹ ሊበየዱ ይችላሉ። ብሬከሩን የሚያስቆርጠውን የሻንት ትሪፕ ኮይል ይዘዝ።

«የፓምፕ ቤት»

ተመልሻለሁ። 16 ካሬው ተጎትቷል። ልባሱ በሁለቱም በኩል ታስሯል። ሞተሩ ላይ ሉፑን ስለካ 0.17 ኦም አገኘሁ። 230ን ስናካፍለው ከ1350 አምፒር በላይ ነው። የብሬከሩ ፈጣን መቁረጫ 1000 ላይ ስለተሞላ ወዲያው ይቆርጣል ማለት ነው። ቀለበት ሲቲውም ተገጥሟል፤ በሻንት ትሪፕ በኩል ብሬከሩን ያዛል። በሽቦ 2 አምፒር ልኬበት ቆረጠ። ሞተሩን አምስት ጊዜ አስነሳሁት፣ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

ባልደረባዬም ታይቶ ልቡ ደህና ነው ተብሏል። አሁን የቀሩትን ስድስት ሞተሮች አንድ በአንድ ልለካ ነው።

መልስ፦ «ሰላሳ ዓመት ፓኔል ላይ»

እሰይ! የሪሌውን ሙሌትና የለካኸውን ኦም ከነቀኑ ጽፈህ በፓኔሉ በር ውስጥ ለጥፈው። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ሪሌው ለምን እንደተገጠመ ካወቀ አይፈታውም።