ፍሬኑ እስከ ወለል ገባ! ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃ ላይ ቆመናል

የሰኞ ገበያው መምህር፣ እሑድ ከቀኑ 10፡20
ወገኖቼ፣ የፍሬን ነገር የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ፔዳሉ መጀመሪያ ላላብኝ፤ ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ጭራሽ እስከ ወለሉ ገባ። በእጅ ፍሬን እየያዝኩ፣ ተራራው በኩል ካለው ቦይ ጎማውን አስገብቼ አቆምኩት። ሰው አልተጎዳም። መኪናው የእህቴ ባል ዲኤክስ ነው። ከፊት ጎማዎቹ የሚያፍን የቃጠሎ ሽታ ይመጣል፤ አንደኛው ይጨሳል። አራት መምህራን ነን። አንዷ ከኬንያ የመጣች በጎ ፈቃደኛ ስትሆን፣ የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት አስታክከን ነገ ሰኞ የባቲን ገበያ ልናሳያት ነበር። ሲበርድ መንዳት እችላለሁ? ሁለት ሊትር ውሃ ይዘናል፤ ላፍስበት?

የጦሳ ልጅ፣ 10፡23
እንዳታፈስ! የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታኮ አድርግ። ከኋላችሁ ራቅ አድርጋችሁ ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ጣሉ፣ ከኩርባው የሚወጣ ሾፌር አስቀድሞ ይወቅ።

ቦርከና ዳር፣ 10፡25
ውሃውን እናንተ ጠጡት። ከመኪናው ይልቅ የደነገጣችሁት እናንተ ናችሁ።

የገራዶ ነጋዴ፣ 10፡26
እኔ አይሱዙዬ ላይ አሥር ዓመት ሙሉ አፍስሻለሁ፣ ምንም አልሆነም። አፍስበትና ሂድ።

የጦሳ ልጅ፣ 10፡27
ካንተ አይሱዙ ፊት የማልነዳው ለዚህ ነው።

ጋሽ ተሳቢ፣ 10፡31
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን አተረፋችሁ። እኔ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን መውረጃ በቀንም በሌሊትም አውቀዋለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ክብደት እግርህ አይችለውም፤ የሚችለው ሞተሩ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በቆየበት ጊዜ፣ መንገድ ሲዘረጋ የመኪናውንም ቋንቋ ትቶልን ሄደ። ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ፎሌ የምንለው ሁሉ የእርሱ ቃል ነው። ዛሬ ወጣቱ ቃሉን ይዞ ሙያውን ጥሎታል። የእኛ ዘመን ሕግ አንድ ነበር፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። አሁን ንገረኝ፣ በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው?

የሰኞ ገበያው መምህር፣ 10፡34
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን የገባው ፔዳሉ ነው፣ ማርሹ ምን አገናኘው? ታኮ አድርገናል። ሽታው እየቀነሰ ነው።

ጋሽ ተሳቢ፣ 10፡35
አልመለስክልኝም።

ጋራዥ ኮምቦልቻ፣ 10፡41
መካኒክ ነኝ። ኮፈኑን ክፈትና የፍሬን ዘይቱን መያዣ እይ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ ወይም ከጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን እርጥበት ካየህ የሚያፈስ ነገር አለ፤ አንድ ሜትር እንኳን አታንቀሳቅሰው። ሙሉ ከሆነ ግን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ እስኪደርስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ያ መነሻ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይታመቃል፤ ስለዚህ እግርህ ይወርዳል እንጂ ጎማው አይያዝም። ሲበርድ ፔዳሉ ይመለስልሃል። ሰው የሚያስጨርሰው ይህ መመለሱ ነው። ዳነ ብለህ ትነሳለህ፣ ከሦስት ኩርባ በኋላ ይደግመዋል።
ታኮው አስተማማኝ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው፣ ጎማው ውስጥ ካለው የጋለ የፍሬን ታምቡር ጋር ይጣበቃል። ሞተሩን አጥፍተህ የኋላ ማርሽ አስገብተህ ተወው። ቢጎድልም የሞተር ዘይት እንዳትጨምርበት፤ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች፣ የጎማ ማሸጊያዎቹን፣ ያበላሻቸዋል።

የሰኞ ገበያው መምህር፣ 10፡52
ሙሉ ነው፤ ቀለሙ ግን ቡና መስሏል። ጎማዎቹ ደረቅ ናቸው። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ተመልሷል። ጋሼ ለጠየቁኝ፣ በፎሌ፣ ማርሽ ሳላስገባ፣ ነበር የምወርደው። የእህቴ ባል ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ ነው ያስተማረኝ።

ጋሽ ተሳቢ፣ 10፡53
አውቄዋለሁ።

ቦርከና ዳር፣ 10፡54
የቆጠብከው ነዳጅ የሲጋራ መለኮሻ አይሞላም።

የሐይቅ ልጅ፣ 10፡58
እኔ ያልገባኝ ጉዞው ራሱ ነው። ለእንግዳ በመጀመሪያ የሚታየው ባቲ ነው? ግመል ኬንያም አለ። ሐይቅ አፍንጫችሁ ሥር፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ተኝቶ፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሞ፣ እናንተ ቁልቁል ወደ ሙቀቱ!

የሰኞ ገበያው መምህር፣ 11፡02
ትናንት ሐይቅ ነበርን። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እንደማይገባ ሳንነግራት እስከ በሩ ወሰድናት። እኔ ገብቼ ስወጣ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ትንሽ ከፍቷት ነበር።

እትዬ መናፈሻ፣ 11፡04
ወይ አንተ ልጅ! ለእርሷ የገዳሙን ሥርዓት አልነገርካት፣ ለእኛ ፎሌውን አልነገርከን። ሌላስ ምን ደብቀሃል? እንግዳዋስ አሁን እንዴት ናት? በልታለች? ብርድ ልብስ አላችሁ? ወላሂ ሰውነቴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

የሰኞ ገበያው መምህር፣ 11፡11
በልታለች፣ እትዬ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች እየቆጠረች ነው። ትናንትም ቢሆን ሐይቅ ከተማ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ስናዝዝላት ቅሬታዋን ረሳች። የኪሱሙ ልጅ ናት፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ ሰው። እኛ ጎን ጎኑን ስንለቃቅም እርሷ ከጭንቅላቱ ጀመረች፤ ሳህኗ ላይ የቀረው አጥንት የታጠበ ይመስል ነበር። ዛሬ ጠዋት ገንፎ ሲቀርብ «ኡጋሊ!» ብላ እጇን ሰደደች፤ መሃሉ ላይ ያለውን ቅቤና በርበሬ ግን አልጠረጠረችም።
እኛ ደግሞ የሰዓታችን ነገር ያደናግራታል ብለን ተጨንቀን ነበር። ባልደረባዬ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ሊያስረዳት ሲጀምር ሳቀችበት። በስዋሂሊም ጠዋት እንደ እኛው «ሳ ሞጃ» ነው፣ አንድ ሰዓት። ያደናገራት ሌላ ነው። መልኳ እኛን ስለሚመስል ሁሉም በአማርኛ ያናግራታል፣ ዝም ስትል ኮራች ይሏታል።
እውነት ለመናገር ከዛሬው ሁሉ ከዓይኔ ያልጠፋው እግሯ ነው። በአገሯ መሪው በቀኝ በኩል ነው። ፔዳሉ ሲገባብኝ ዞር ስል፣ ቀኝ እግሯ ወለሉን፣ ለእርሷ ፍሬን ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ፣ ደጋግሞ ይረግጥ ነበር። ድምፅ አላሰማችም።

የገራዶ ነጋዴ፣ 11፡13
ታዲያ ውሃውን አፈሰስክበት?

የጦሳ ልጅ፣ 11፡13
አያፍስም!

ጋሽ ተሳቢ፣ 11፡17
ፔዳሉ ከተመለሰ በአንደኛ ማርሽ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ቀስ ብለህ ውረድ። ከመጨለሙ በፊት ትደርሳለህ። እኔ ከዚህ የባሰ አይቼ ወርጃለሁ።

ጋራዥ ኮምቦልቻ፣ 11፡20
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእርስዎ ተሳቢ ፍሬኑ በአየር ነበር፣ የሚፈላ ዘይት የለውም። ይህ ሌላ ነው። ወንድሜ፣ ሰዎቹን በሚያልፍ ሚኒባስ አሳፍር፣ አንተ መኪናውን አትንካ። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በአዲስ መተካት፣ አየሩም መውጣት አለበት፤ የፊቱ የፍሬን ሸራ ከተቃጠለም አብሮ ይቀየራል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ስልኬን በግል ልኬልሃለሁ። ደውልና የቆምክበትን ንገረኝ፤ ዘይት ገዝቼ እወጣለሁ።

የሰኞ ገበያው መምህር፣ 11፡36
ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ሚኒባስ ቆመልን። እንግዳዋ እንደ ልማዷ ዞራ የሾፌሩን በር ልትከፍት ስትል፣ ሾፌሩ «ነይ፣ እኔም ደክሞኛል፣ ንጂልኝ» አላት። ሄደዋል። እኔ ከመኪናው ጋር ነኝ። ስልኬ 6 በመቶ ቀርቶታል፤ ለመካኒኩ አሁን እደውላለሁ።

እትዬ መናፈሻ፣ 11፡38
አላህ ይጠብቅህ። ስትደርስ እዚሁ ጻፍ፣ ሳልሰማ አልተኛም።

የጦሳ ልጅ፣ 11፡40
ስትነሳ ታኮ ያደረግከውን ድንጋይ አንሳ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ትቶት በሄደው ድንጋይ ሌሊት ላይ ጎማ ፈንድቶብኛል።

ቦርከና ዳር፣ ከምሽቱ 1፡15
መምህር፣ ደረስክ?

እትዬ መናፈሻ፣ ከምሽቱ 3፡05
ኧረ ልጁ ምን ሆነ? መካኒኩስ የት አለ?

የሐይቅ ልጅ፣ ሰኞ ጠዋት 2፡50
ባቲ ያላችሁ ሰዎች፣ በአማርኛ ሲያናግሯት ዝም የምትል ሴት ገበያው ውስጥ ካያችሁ ንገሩን።

ጋራዥ ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ጠዋት 3፡30
ትናንት አልደወለልኝም። እኔ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ዛሬ ጠዋት ለሌላ ሥራ ወደ ደሴ ስወጣ መንገዱን እያየሁ ሄድኩ። መኪናው የለም፤ ቦዩ አጠገብ የጎማ ምልክትና የደረቀ ቅርንጫፍ አለ። አራቱ ድንጋዮች አስፋልቱ ላይ ነበሩ፣ አንስቻቸዋለሁ። የፍሬን ዘይቱን ገዝቼዋለሁ፤ ጋራዥ አስቀምጬለታለሁ።