ጥቆማ፦ ጊታር እየተጫወቱ ለሚዘፍኑ፣ ፔዳል በስሕተት እንዳይረገጥ

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት

በሰርግና በሆቴል መድረክ ጊታር እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ። መሬት ላይ የማስቀምጣቸው በእግር የሚረገጡ ፔዳሎች ሁለት ናቸው፦ የጊታሩን ድምፅ የሚቀያይረው ቦስ ጂቲ-1 እና የተጫወትኩትን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያጫውተው ቦስ አርሲ-1 ሉፐር። ዓይኔ ሕዝቡ ላይ፣ አፌ ማይክሮፎኑ ላይ ሲሆን እግሬ ያላሰብኩትን ይረግጣል። አንዳንዴ ጊታሩ በድንገት ጸጥ ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ለትዝታ ያዘጋጀሁት ለስላሳ ድምፅ ወደ ሻካራው ዲስቶርሽን ይቀየራል። የጥር ሰርግ ሳይደርስ መከላከያ ልግዛ ወይስ ላሠራ? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የማይክሮፎን ማቆሚያህን ተመልከት። ቀጥ ያለና ከታች ክብ ብረት ያለው ከሆነ የጥፋቱ ግማሽ የእሱ ነው። ለመዝፈን ወደ እሱ መጠጋት አለብህ፤ ፔዳሉ ያለውም እዚያው ሥሩ ስለሆነ የምትራመዳት እርምጃ ፔዳል ላይ ታርፋለች። ክንድ ያለውን ማቆሚያ ያዝ። እግሮቹን ከፔዳሉ ማዶ ተክለህ ክንዱን ወደ አንተ ስትዘረጋው አፍህ ማይክሮፎኑ ጋ ይደርሳል፣ እግርህ ግን ከፔዳሉ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይቀራል። የድምፅ መሣሪያ የሚያከራዩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት ይይዛሉ፤ ስትዋዋል «ክንድ ያለው ይሁንልኝ» ማለት ነው። በየትኛው እግርህ ምት እንደምትመታም ልብ በልና ፔዳሉን ወደ ሌላኛው እግር አዙረው። ይህ ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም፤ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው ሁሉ ግን ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጊታሩ ጸጥ የሚልብህ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። የጂቲ-1 ወደ ላይና ወደ ታች መቀየሪያ መርገጫዎች ጎን ለጎን ስለሆኑ ሰፊ ጫማ ሁለቱን አንድ ላይ ይጫናቸዋል፤ አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ የክር መቃኛው (ቱነር) ይከፈትና ድምፁን ያፍናል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ መቃኛው ሲከፈት ድምፅ ማፈኑን ትቶ እንዲያሳልፍ አድርገው። ለመቃኘት ጊታሩ ራስ ላይ የሚቆነጠጠውን ትንሽ መቃኛ ግዛ።

ድምፁ የሚቀየረው ግን በአንዱ መርገጫ ብቻ ነው፤ ለዚህ የምወደው መላ አለኝ። የዋናውን ድምፅህን ቅንብር ኮፒ አድርገህ ከፊቱም ከኋላውም ባለው ቁጥር ላይ አስቀምጠው። እግርህ ቢስት ቁጥሩ ይቀየራል፣ ድምፁ ግን ያው ነው፤ ሰርገኛው ምንም አይሰማም። መሣሪያው 99 የተጠቃሚ ቦታዎች ስላሉት እያንዳንዱ ድምፅ 3 ቢይዝ እንኳ 33 ድምፆች ይኖሩሃል፤ ለአንድ ሰርግ ከበቂ በላይ ነው። በዘፈኑ መሐል ለሶሎ ድምፅ ማጉላት ስትፈልግ ቁጥር አትቀይር፤ ያንን ሥራ ሲቲኤል 1 ለተባለው መርገጫ ስጠው።

ሉፐሩ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ባዶውን ሳለ በስሕተት ብትረግጠው ምንም አይሰማህም፤ ዝም ብሎ መቅዳት ይጀምራል። ቆይተህ ዳግም ስትነካው ያን የቀዳውን እያዞረ ያጫውትብሃል፤ አንተ በዚያ ጊዜ ሌላ ስንኝ ላይ ነህ። ለማቆም ሁለት ጊዜ በፍጥነት መርገጥ ይጠይቃል፤ እየዘፈኑ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። አርሲ-1 ለብቻው የማቆሚያ መርገጫ የሚሰካበት ቀዳዳ ስላለው ቦስ ኤፍኤስ-5ዩ ብትጨምርለት በአንድ ርግጫ ይቆማል። ስትገዛ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል አንብብ፤ ኤፍኤስ-5ኤል የሚባለው መንትያው ተረግጦ የሚቀር ዓይነት ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሉፐሩን በማትጠቀምባቸው ዘፈኖች ደግሞ ጨርሶ ከእግርህ አርቀው።

አሁን ወደ ግዢው። የመርገጫውን ራስ የሚያሰፉ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቆቦች፣ እንደ ሙር ካንዲ ያሉት፣ ከውጭ ይመጣሉ። ለአንተ አልመክራቸውም። ልትረግጠው የምትፈልገውን ለማግኘት ይረዳሉ፤ በስሕተት የሚረገጠውን ግን ጭራሽ ያሰፉታል። በዚያ ላይ የሚገጠሙት ክብ የብረት ቁልፍ ላላቸው ፔዳሎች ነው፤ የአርሲ-1 ሰፊ ሰሌዳ ግን እንዳለ ወደ ታች የሚጫን ስለሆነ ቆብ የሚቀበል ራስ የለውም።

ማሠራቱን እመርጣለሁ፤ ለዚህ ደብረ ብርሃን ይበቃሃል፣ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ አያስኬድም። አናጢ ዘንድ ሁለት ደረጃ ያለው ሰሌዳ አሠራ፤ ከፊት ዝቅ ያለው ላይ ጂቲ-1፣ ከኋላ ከፍ ያለው ላይ ሉፐሩ ይቀመጣል። እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳይሆን፤ ይጣመምና ፔዳሉ ይወዛወዛል። ኮምፔንሳቶ ይሻላል። ቀጥሎ ብየዳ ቤት ሂድና ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንደ በር እጀታ አሳጥፈህ ጫፎቹ ላይ የብሎን ቀዳዳ ያላት ላሜራ አስበይድ። ይህ ዘንግ ከሉፐሩ ፊት፣ ከሉፐሩ መርገጫ ከፍታ ጥቂት በልጦ ይቆማል፤ ሳታስብ የምታሳርፈው ጫማ ዘንጉ ላይ ይቀራል፣ አስበህ ስትረግጥ ግን የጫማህ ጫፍ በላዩ ተሻግሮ ይገባል። የሚታሰረው ከእንጨቱ ጋር ነው። ፔዳሉን እንዳትበሳ፤ ውስጡ ሰርኪዩት አለ። ስትሄድ ፔዳሉንም መድረክ ላይ የምታደርገውን ጫማም ይዘህ ሂድ፤ ያለ እነሱ የሚወሰድ ልኬት ዋጋ የለውም።

ጭማሪ፣ ከመሐል ሜዳ

ወንድሞቼ፣ ሰሌዳው ከተንሸራተተ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። የሆቴል ወለል ሴራሚክ ነው፤ ሰሌዳው ቀስ በቀስ እየሸሸ ይሄድና እግራችሁ የለመደው ቦታ ላይ ሌላ መርገጫ ይጠብቃችኋል። እኔ ከሥር የመንዝ ባና አነጥፋለሁ። በልጆች ጫማ ላይ ጨርጨር እያለ የሚላቀቀውን ማጣበቂያ ታውቁታላችሁ? ሻካራውን ወገን ሰሌዳው ሥር ለጥፉት፤ የበጉን ሱፍ ነክሶ ይይዛል። ባናው ሰፋ ይበል፤ ራሳችሁም በላዩ ቁሙ፣ ክብደታችሁ እንዳይሸሽ ያደርገዋል። አሮጌም ቢሆን ይሠራል፤ አዲስ ባና ለፔዳል መግዛትስ ኃጢአት ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ እኛ ዘንድ ሙቀት ስለሆነ በነጠላ ጫማ ነው የምጫወተው፤ ደብረ ብርሃን ስመጣ ግን ብርዱ ወፍራም ቦቲ ያስደርገኛል። ፌሮውን በየትኛው ላስለካ?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

በቦቲው አስለካ። ለወፍራሙ ጫማ የሚበቃ ክፍተት ለነጠላ ጫማም ያስገባል፤ በነጠላ ጫማ የተለካው ግን ጥር ላይ ቦቲህን አያስገባውም። ነጠላ ጫማ ስታደርግ ከኋላ ማሰሪያ ያለውን ምረጥ፤ ማሰሪያ የሌለው እግር ስታነሣ ተረከዙ ወርዶ የፊተኛውን መርገጫ ይነካል። ብየዳ ቤቱ ፌሮውን ቀለም ሲቀባልህ ነጭ አስቀባው፤ የሰርግ ድንኳን ውስጥ መብራቱ ሲደበዝዝ ጥቁር ዘንግ አይታይም።